ድምፅና ቪዲዮን እንደ ሌላው ሰርቪስ መደበቅ ያስኬዳል? (የደብረ ማርቆሱ ልጅ ክር፣ ላላነበባችሁ)

ሰሞኑን እኛ የጎጃም የኮምፒውተር ሰዎች የምንጨቃጨቅበት መድረክ ላይ አንድ ክር ተከፍቶ እስከ 22 መልስ ድረስ ሄዷል፣ ኔት አልገባ ብሏችሁ ያመለጣችሁ ብዙ ስለሆናችሁና በውስጥ መስመር ምን ተባለ ምን ተባለ እያላችሁ ስላስቸገራችሁኝ እንደገባኝ ልተርክላችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ ስድቡንም ቀንሼዋለሁ።

ጥያቄው

ክሩን የከፈተው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የገጠር ጤና ጣቢያዎችን ከሆስፒታል ሐኪም ጋር የሚያገናኝ ሲስተም እየሠሩ ነው፤ ድምፅ አለው፣ ቪዲዮ አለው፣ የቁስል ፎቶና ራጅ መላኪያ አለው፣ የታካሚ ካርድም አለው። ማሽኑ ግን በየቦታው ሌላ ሌላ ነው፣ አንዱ ጋ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ አንዱ ጋ ታብሌት፣ አንዱ ጋ ደግሞ የነርሷ የራሷ ስልክ። ስለዚህ ክፍት ሆኖ የተከፋፈለ ሲስተም ነው የምንሠራው አለ፣ ማለትም ማንም ያመረተው ማሽን ስታንዳርዱን እስካከበረ ድረስ ይገባበታል፣ ሰርቪሱ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለም ተጠቃሚው አይጨነቅበትም። እዚህ ድረስ የተጣላው የለም። ነገር ያመጣው የመጨረሻው አንቀጽ ነው፦ ድምፁንና ቪዲዮውንም ልክ እንደ ታካሚ ካርዱ በአንድ ዓይነት ኢንተርፌስ (አፑ ከሰርቪሱ ጋር የሚነጋገርበት በር ማለት ነው) ጀርባ እደብቀዋለሁ፣ አፑ ዝም ብሎ ይጠራል፣ ከስር ያለው መስመር ምን እንደሚመስል አያገባውም ብሎ ጻፈና ይሄ ያስኬዳል ወይ ብሎ ጠየቀ።

መልሶቹ

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። ከባሕር ዳር ተማሪ ነች መሰለኝ፣ በርቱ፣ እግዜር ያሳካላችሁ፣ አሳቡ ትክክል ነው፣ እኛም የተማርነው መደበቅ ጥሩ ዲዛይን መሆኑን ነው አለች። ከዚያ በኋላ እንዲህ ለስላሳ መልስ ለረጅም ጊዜ አልመጣም።

2ኛው የፍኖተ ሰላም ሰው ነው። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ፣ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ቴሌግራም አለው፣ ግሩፕ ክፈቱና ጨርሱት አለ። 3ኛው ላይ ልጁ ራሱ መለሰለት፤ የታካሚ ፎቶ በየግሩፑ ሲዞር ነገ ማን ይጠየቃል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አይደለም፣ በዚያ ላይ ግሩፕ ውስጥ የተላከ ፎቶ ከታካሚው ካርድ ጋር አይያያዝም፣ በሳምንቱ የማን ቁስል እንደነበር የሚያውቅ የለም አለ። 4ኛው ላይ የፍኖተ ሰላሙ ተቆጣ። ደም የሚፈሳት እናት አዋጅ አታነብም፣ እናንተ ዲዛይን ስትሠሩ ሰው ይሞታል፣ የሚል መልስ ጻፈ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ፣ ግን የፍኖተ ሰላሙ ሰውዬ እስከ መጨረሻው ሲመላለስ ይቺኑ ነገር ነው ልብሷን እየቀያየረ ያመጣት።

5ኛው ላይ የባሕር ዳሩ መምህር ገቡ። እሳቸው ሲጽፉ ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ነው የምትቀመጡት። በትሕትና ጀመሩ፣ ልጁን አመሰገኑ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መለሱን። ዓለም አቀፎቹ የስታንዳርድና የቴሌኮም ድርጅቶች፣ አይ ኤስ ኦ እና አይ ቲ ዩ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አብረው ያወጡት፣ በቁጥር 10746 የሚታወቅ የክፍት የተከፋፈለ አሠራር ማጣቀሻ ሞዴል አለ አሉ፣ ባጭሩ ኦ ዲ ፒ። አንድን ሲስተም በ5 ዓይን ተመልከተው ይላል፤ ሥራው ለማንና ለምን ነው፣ መረጃው ምንድን ነው፣ ሥራው ወደምን ወደምን ክፍል ይከፈላል፣ ክፍሎቹ በምን ይገናኛሉ፣ በመጨረሻ የትኛው እቃ ይገዛ። የእኛ አገር ፕሮጀክት ግን ከአምስተኛው ነው የሚጀምረው፣ መጀመሪያ ታብሌት ተገዝቶ ይመጣና ምን እንሥራበት ይባላል ብለው ወጋ አደረጉን።

ዋናው ነጥባቸው ግን ሌላ ነው። በዚያ ሞዴል ኢንተርፌስ 3 ዓይነት ነው። አንዱ ጠይቆ መልስ መቀበያ ነው፣ የታካሚ ካርድ አምጣልኝ ትለዋለህ ያመጣልሃል። ሁለተኛው የሚፈስ ነገር መተላለፊያ ነው፣ ድምፅና ቪዲዮ እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው ነጠላ ምልክት መላኪያ ነው። እነዚህን ለይተው ያስቀመጧቸው ሰዎች ሥራ ፈትተው አይደለም አሉ። የካርድ ጥያቄ 2 ሰከንድ ቢዘገይ ነርሷ ትጠብቃለች፣ የድምፅ ፓኬት፣ ማለትም ድምፁ ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ፣ 2 ሰከንድ ከዘገየ ግን ባይመጣ ይሻላል፣ ቦታው አልፏል። ስለዚህ ልጁ ሁለቱን በአንድ ኢንተርፌስ ጀርባ ልደብቅ ማለቱ ከሥሩ ያስቸግራል። ኮርባንም አነሱ፣ የተለያየ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚጠራሩበት ስታንዳርድ ነው፤ ኦ ኤም ጂ የሚባለው ማኅበር በ1989 ተመሥርቶ በ1991 የመጀመሪያውን ኮርባ ሲያወጣ ነገሩ በጥሪና መልስ ላይ የቆመ ነበር፣ ቆይቶ ለድምፅና ቪዲዮ ተጨማሪ ሲጻፍለት ጥሪው ማን ከማን ጋር ይገናኝ፣ ይጀመር፣ ይቁም የሚለውን ብቻ ይዞ የሚፈሰው ዳታ በራሱ መንገድ እንዲሄድ ተደረገ። ጥሪ የሚያስጀምረው ኤስ አይ ፒ በ1999 ሲመጣም ያው ነው፣ እሱ ያስተዋውቃል እንጂ ድምፁን የሚሸከመው ከሱ በፊት በ1996 የወጣው አር ቲ ፒ ነው። ዛሬ ብራውዘር ውስጥ ያለው የድምፅና ቪዲዮ መገናኛ፣ ዌብ አር ቲ ሲ፣ ደግሞ ማስተዋወቁን ጭራሽ ለሠሪው ትቶ የሚፈሰውን ብቻ ደነገገ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ መቆጣጠሪያውንና ፈሳሹን ለያይቷል ብለው ጨረሱ።

6ኛው የቡሬ ቴክኒሻን ነው፣ ጋሼ እንለዋለን፣ እጁ ከሽቦ አይጠፋም። መምህሩን አክብሮ ጀመረና ወዲያው አከረረው፤ ወረቀት ላይ ሁሉም ክፍት ነው፣ እሱ ያየው ግን ሌላ ነው። አንድ ቦታ ለስብሰባ ተብሎ ውድ የቪዲዮ ኮንፈረንስ ሳጥን ተገዛ፣ ሰነዱ ላይ ኤች 323 የሚባለውን የቪዲዮ ጥሪ ስታንዳርድ ያከብራል ይላል፣ ከራሱ ወንድም ሳጥን ጋር ሲሆን ይሠራል፣ ከሌላ ጋር ሲያገናኙት ምስሉ ይመጣል ድምፁ አይመጣም። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ፣ ላይሰንሱ አለቀ፣ አሁን ሳጥኑ ላይ ዳንቴል ተነጥፎበት የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። ስለዚህ ክፍት ነው የተባለ ሁሉ ክፍት አይደለም፣ ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ሁለት ማሽኖች ፊት ለፊቴ ሲያወሩ ካላየሁ አላምንም አለ። ልብ በሉ፣ ጋሼ ይሄን ያለው ልጁን ተቃውሞ አይደለም፣ ግን ልጁ ተቃውሞ መስሎት ከታች ሦስት መስመር መከላከያ ጻፈ፣ አልቆጠርኩትም።

7ኛው የክሩ ሁሉ ሞተር ነው። ከሞጣ አካባቢ ያለች ሲስተር ናት፣ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፣ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የለም ብላ ነው የጀመረችው። በስልኳ ሐኪሙን ደውላ እያወራችው ፎቶ ላኪልኝ ይላታል፣ ፎቶውን መላክ ስትጀምር ድምፁ ይጠፋል፣ ሃሎ ሃሎ ትላለች፣ ትዘጋዋለች፣ ስትደውል ፎቶው ተቋርጧል፣ እንደገና ትልካለች እንደገና ድምፁ ይጠፋል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሐኪሙ መርፌውን አትስጪ ያላትን ሰጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው የሰማችው፣ ደግነቱ ጉዳት አላመጣም። የሷ ጥያቄ ይሄ ነው፤ አዲሱ አፕ ይሄን ይከላከላል ወይስ አይከላከልም?

8ኛው ላይ አንዱ ኔቱ ነው እህቴ፣ ምን ይደረግ ብሎ አለፈ። እንዲህ የሚል ሰው በየክሩ አይጠፋም።

9ኛው የዳንግላ ልጅ ነው፣ ኔትወርክ ላይ የሚሠራ። ሲስተር ያለችውን ወስዶ በቁጥር አፍታታው፣ እኔ ከክሩ ሁሉ ይቺን ነው ስክሪንሾት ያደረግኳት። ከጤና ጣቢያው ወደ ውጭ የሚልከው መስመር 256 ኪሎቢት በሰከንድ ነው እንበል አለ። ራጁ 2000 በ2500 ፒክስል ሆኖ ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢይዝ 10 ሜጋባይት ነው፣ በዚህ መስመር ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ይሄ ራሱ ችግር አይደለም፣ ራጅ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ሐኪሙ ይጠብቃል። ችግሩ ሞደሙ ውስጥ ነው። ፓኬቶች ወረፋ የሚይዙበት ቦታ አለ፣ 100 ኪሎባይት ይይዛል ብንል 800 ኪሎቢት ነው፣ ለ256 ሲካፈል ከ3 ሰከንድ ይበልጣል። ፋይል የሚልክ ፕሮግራም ደግሞ ጠባዩ ወረፋውን እስኪሞላ መግፋት ነው። እና የሲስተር ድምፅ ትንሽዬ ፓኬት ሆና ስትመጣ ከራጁ ኋላ ትሰለፋለች፣ 3 ሰከንድ ቆማ ነው የምትወጣው። ወፍጮ ቤት አንድ ሰው በጋሪ 10 ኩንታል አምጥቶ ከፊትህ ሲሰለፍና አንተ የያዝከው አንድ ቁና ሲሆን ማለት ነው። መስመሩ ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ድምፁ ለብቻው ቢሄድ እኮ መስመሩ ይበቃው ነበር፣ ያበላሸው ራሱ አፑ የላከው ራጅ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔም አሳቤን የያዝኩት። ልጁ መስመሩ አፑን አያገባውም ብሎ ነበር። የሲስተር ነገር የሚያሳየው ግን ሁለት ሰርቪሶች፣ ፎቶ መላኪያውና ድምፁ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ በአንድ ቀጭን መስመር ሲጋፉ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ኮዱ ትክክል ነው፣ ቴስት ያልፋል። አብረው ሲሆኑ ሰው ይጎዳሉ። መስመሩን ከደበቅክ ይሄን ማየት የሚችል ክፍል በሲስተሙ ውስጥ አይኖርም፣ ነገሩ ይሄው ነው።

10ኛው ላይ ልጁ ቶሎ አልተሸነፈም፣ ይሄን ወድጄለታለሁ። ታዲያ ራውተሩ ላይ ድምፅ ይቅደም ብሎ ማስተካከል ነው እንጂ አፑን ምን አገባው አለ፣ መስመር ሲበላሽም ሲስተሙ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ተጠቃሚው አያውቅም። 11ኛው ላይ መምህሩ ተመልሰው መጡ፣ አሁን ትሕትናው ቀነስ ብሏል። የነርስ ስልክ በሞባይል ዳታ ሲገባ የትኛውን ራውተር ነው የምታስተካክለው አሉት፣ የኔ የምትለው ራውተር እኮ የለህም። ደጋግሞ መሞከር የሚለውም ለካርዱ ጥሩ ነው ለድምፅ መርዝ ነው፤ አንድ ፓኬት ጠፍቶ እስኪመለስ የኋላው ሁሉ ከቆመ ድምፁ ይንጠለጠላል፣ ስለዚህ ነው ድምፅ የጠፋውን መልሶ በማይልከው በዩ ዲ ፒ ተልኮ የጠፋው ጠፍቶ የሚቀጥለው። ከዚያ 5ኛ መልሴን ድጋሚ አንብብ አሉና ያልጠቀሱትን ጨመሩ፤ ኦ ዲ ፒ ውስጥ ለሚፈስ ነገር ግንኙነቱ ራሱ አንድ አካል ሆኖ ይቆማል፣ ስም አለው፣ ትጠይቀዋለህ፣ ስንት ዘገየህ ስንት ጠፋብህ ትለዋለህ፣ ቀንስ ትለዋለህ፣ ሲብስበት ራሱ ይነግርሃል። ያንን አካል ለድምፁም ለራጁም አንድ አድርገህ ከሠራኸው ጥሪ ሲጀመር ራጁን ቀስ በል ይለዋል፣ ጥሪው ሲያልቅ ይለቀዋል። ዌብ አር ቲ ሲ ውስጥ ቁጥሩ ሁሉ አለልህ፣ የጠፋው ፓኬትም፣ ደርሶ መልስ የፈጀው ጊዜም፣ አንተ ነህ ልትደብቀው የተነሣኸው።

ከ12 እስከ 14 ክሩ ፈረስ ተሳፍሮ ሄደ፣ ቀልዴን አይደለም። የእንጅባራ ልጅ መጣና በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ላይቭ ለማስተላለፍ ሲሞክሩ ምስሉ ከድምፁ ተለያይቶ ፈረሱ ካለፈ በኋላ ነው ኮቴው የሚሰማው አለ፣ ሰዉ በኮሜንት ሳቀባቸው። የዳንግላው ልጅ መለሰለት፤ የምስሉና የድምፁ ሰዓት በአንድ መለኪያ ካልተያያዘ እንዲህ ይሆናል፣ አር ቲ ፒ ለዚህ ብሎ በጎን ሪፖርት ይልካል፣ ሁለቱን ፈሳሽ ከአንድ ሰዓት ጋር የሚያስታርቅ። ግን በዓል ማስተላለፍና ከሐኪም ጋር ማውራት አንድ አይደለም አለ፤ በዓሉን በ6 ሰከንድ በ6 ሰከንድ እየቆረጥክ ብትልከውና ተመልካቹ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ቢያየው ፈረሱ አይቀየምም፣ ወሬ ላይ ግን ሰው ግማሽ ሰከንድ ከዘገየብህ አንተም ትናገራለህ እሱም ይናገራል ትጋጫላችሁ። ጥሩ ነጥብ ነበር፣ ግን ከዚያ ስለ ፈረስ አለባበስ ክርክር ተነሣና ፎቶ መለጠፍ ተጀመረ፣ ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ ሄዳችሁ እዩ።

15ኛው ላይ አንድ የቢቸና ልጅ ወደ መንገዱ መለሰን። አይ ቲ ዩ በጂ 114 ምክሩ ለወሬ አንድ መንገድ መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይላል አለ፣ እስኪ ይሄን 150 እንደ ደመወዝ እናብቃቃው። ድምፁ ፓኬት ለመሆን 20 ይበላል። ተቀባዩ ጋ አንዳንዱ ፓኬት ቀድሞ አንዳንዱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ማስተካከያ ማቆያ ያስፈልጋል፣ 60 እንስጠው። ቀሪ 70። አሁን ሞጣና ደብረ ማርቆስ ያሉ ሁለት ስልኮች በሞባይል ዳታ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ቀጥታ አይገናኙም፣ አድራሻቸው የጋራ ስለሆነ መሃል ላይ አቀባባይ ሰርቨር ይፈልጋሉ፣ ተርን የሚባለውን። ሰርቨሩን ርካሽ ነው ብለህ 6000 ኪሎሜትር ርቀት አውሮፓ ብታስቀምጠው በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚሄድ ለመሄድ 30 ለመመለስ 30፣ 60 ሄደ። 10 ቀረችህ፣ በሷ የሞባይሉን አንቴናም፣ ድምፁን የሚያጨምቀውን የኮዴኩንም ሥራ ልትሸፍን ነው። ያው ሰርቨር አዲስ አበባ ቢሆን ከደብረ ማርቆስ በመንገድ 300 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ 1.5 ሚሊሰከንድ፣ የምትቆጠርም አይደለች። ስለዚህ ሰርቨሩ የት እንዳለ ተጠቃሚው አያገባውም የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ማንም ያልተጣላው ነገር ራሱ ግማሹ ብቻ ነው ልክ አለ፣ ተጠቃሚውን ባያገባው ዲዛይነሩን ያገባዋል። እኔም ሳነበው አልፌው ነበር።

16ኛው ያው የፍኖተ ሰላሙ ነው። የመምህሩን መልስ ለመፍታት ዋሸራ ገብቶ ቅኔ መቁጠር ያስፈልጋል፣ እናንተ ሚሊሰከንድ ስትቆጥሩ እዚያ መብራት የለም አለ። 17ኛው ላይ የቢቸናው አልታገሠም፣ አላነበብክም፣ ካላነበብክ ዝም በል ብሎ ጀመረና ቅኔ ከሆነ ደግሞ ዲማ እያለ ዋሸራ ምን ያደርጋል ብሎ ሌላ እሳት ለኮሰ። የዋሸራና የዲማ ነገር እዚህ አይለቅም፣ ሌላ ክር ክፈቱለት። አስተዳዳሪው ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

18ኛው ላይ ግን የቡሬው ጋሼ ለፍኖተ ሰላሙ ሰውዬ ፍርድ ሰጠው፣ መብራቱን በተመለከተ ልክ ነው አለ። ዲዛይኑ ላይ ሁሉም ሰርቨሩ ይወድቃል ብሎ ያስባል፣ የሚወድቀው ግን ጫፉ ነው። መብራት ሲሄድ ሞደሙም አብሮ ይሄዳል፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው ሞደሙ የለውም፣ ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስ ለሞደሙ እንጂ ለኮምፒውተሩ አትግዙ። ራጅ በ4ኛው ደቂቃ መብራት ሄዶበት እንደገና ከዜሮ የሚጀምር ሲስተም ካመጣችሁልኝ ደግሞ መልሼ ነው የምልክላችሁ አለ፣ ፋይሉን ቆራርጣችሁ ላኩት፣ ካቆመበት ይቀጥል። እዚህ ላይ ያለ ኔት ስለሚያድሩ ቀኖችም ጥቂት ሰው ተማረረ፤ እዚያ ላይ መልሱ አጭር ነበር፣ የተሞላው ቅጽና ፎቶ እዚያው ማሽኑ ላይ ይቀመጥና ኔት ሲመጣ ይሂድ።

19ኛው የዳንግላው ልጅ ነው፣ ስለ ኮዴክ፣ ቁጥር ስለሚወድ። የድሮው ጂ 711 ድምፁን ብቻ 64 ኪሎቢት ይበላል። በ2012 የወጣው ኦፐስ ግን ከ6 ጀምሮ ስለሚሠራ ሰው 16 ላይ አድርጎት አረፍኩ ይላል፣ ነገር ግን ማሸጊያውን ይረሳል። በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ማለት በሰከንድ 50 ነው፣ በእያንዳንዱ ላይ የአይ ፒ 20፣ የዩ ዲ ፒ 8፣ የአር ቲ ፒ 12፣ ጠቅላላ 40 ባይት ራስጌ አለ፣ ሲባዛ እሱም 16 ኪሎቢት። ከእቃው እኩል ማሸጊያ ከፈልክ ማለት ነው። መስመሩ በጣም ሲጠብ ፓኬቱን 60 ሚሊሰከንድ አድርገው፣ ራስጌው ወደ 5 ኪሎቢት ይወርዳል፣ 40 ሚሊሰከንድ ግን ከቢቸናው ልጅ ደመወዝ ላይ ትቆርጣለህ። የቱን እንደምትመርጥ የሚወስነው የዚያን ሰዓት መስመር ነው፣ ተመልሰህ እዚያው፣ መስመሩን ማየት አለብህ።

20ኛው ላይ ስሙን ያልገለጸ ሰው ጠዋት ጠዋት 12 ጤና ጣቢያ በአንድ ጊዜ ቢሰበሰብስ ብሎ ጠየቀ፣ ሁሉም ለሁሉም ቀጥታ ይላክ ወይ ማለቱ ነው። ለዚህ የቢቸናው ልጅ እዚያው ሥር አጭር መልስ ሰጠው፤ እያንዳንዱ ለ11 ሰው 11 ቅጂ ይልካል፣ ቪዲዮው 300 ኪሎቢት ቢሆን ወደ ውጭ 3.3 ሜጋቢት፣ አይታሰብም። መሃል ላይ አንድ ቅጂ ተቀብሎ የሚያከፋፍል ሰርቨር አድርግ፣ እሱም የሁሉንም ለሁሉም ከማፍሰስ የሚናገረውን ሰው ምስል ብቻ ያሳልፍ፣ የሌላው ድምፅ ይበቃል።

21ኛው ላይ ልጁ ተመለሰ። ሁለት ቀን ዝም ብሎ ነበር፣ ተቀይሟል ብለን ነበር፣ ለካ ሲጽፍ ነው። አንድ ኢንተርፌስ የሚለውን ትቶታል። የታካሚ ካርዱ እንደነበረ ይቀጥላል፣ ተደብቆ፣ በጥሪና መልስ። ድምፅ፣ ቪዲዮና ፋይል ግን ከአንድ የግንኙነት ክፍል ሥር ገቡ፣ ያ ክፍል የመስመሩን ቁጥር እያነበበ ያከፋፍላል፤ ድምፅ መጀመሪያ፣ ከዚያ ፎቶና ራጅ በተረፈው፣ ቪዲዮ የሚበራው መስመሩ ሲችል ብቻ። ጥሪ ላይ እያሉ ራጅ ሲላክ ፍጥነቱ ይታሰራል። አቀባባዩን ሰርቨር አገር ውስጥ ሊያስቀምጥ ነው። የቡሬውን ጋሼ ደግሞ በስም ጠርቶ ከተለያየ ፋብሪካ የሆኑ ማሽኖች ይዤልህ እመጣለሁ፣ አንተው ሞክራቸው አለ። የመስመሩን ሁኔታ ለተጠቃሚው በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ነጥብ አሳያለሁ ብሎ ምስሉንም ለጠፈ።

22ኛው የሲስተር ነው። ነጥቡን አልወደደችውም። ቢጫ ስታይ ምን እንደምታደርግ አይገባትም፣ ልናገር፣ ልላክ፣ ወይስ ዘግቼ ልደውል? ሌሊት ተረኛ ሆና በአንድ እጇ ስልክ በሌላው ታካሚ ይዛ ስለ ቀለም ማሰብ አትችልም። በጽሑፍ ይሁንልኝ አለች፤ አሁን መናገር ትችያለሽ፣ ፎቶው እየሄደ ነው 3 ደቂቃ ይቀረዋል፣ ሐኪሙ የምትይውን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። በተለይ የመጨረሻዋን አጥብቃ ጠየቀች፣ ከመርፌው ነገር የተነሣ ይመስለኛል። ሐኪሙም ያንኑ ጽሑፍ በሱ በኩል ይይ፣ ስለዚህ ትእዛዙን ደግማ እስክትመልስለት ይጠብቃል አለች። ልጁ ላይክ አደረገው፣ ጽሑፎቹን አጭርና ግልጽ አማርኛ አድርጎ የሚጽፍለት ሰው ፈለገ፣ የቢቸናው ልጅ እኔ አለሁ አለ። ዝርዝሩ እስከ ዓርብ ይለጠፋል ተብሏል፣ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ካላችሁ ገብታችሁ እዩትና የማይገባችሁን ቃል እዚያው ንገሯቸው፣ ለኔ በውስጥ አትላኩ።